ዓይነ ስውር ገጸ ባሕርይ በኮሜዲ ውስጥ፦ ሳቁ ጎዳና ላይ ሲወርድ ምን ያስከትላል?

መጋረጃ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች። ለዩቲዩብ የሚሆን የ12 ደቂቃ አጭር ኮሜዲ ጽፌያለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዓይነ ስውር ተከራይ ነው። ያስቃሉ ብዬ ያስገባኋቸው ትዕይንቶች አራት ናቸው። በትሩን እያወናጨፈ ሲገባ ሲኒ የተደረደረበትን ረከቦት ይገለብጣል። በር ተሳስቶ ጎረቤት ይገባና የሰው ሚስት ያቅፋል። ባለሱቁ "እንካ መቶ" ብሎ አሥር ብር መልስ ያስይዘዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይገኝና "ለካ ያያል!" ተብሎ ይባረራል።

ከአዘጋጆቹ ግማሹ "ሰው ስቆ ይረሳዋል፣ ማንንም አይጎዳም" ይላሉ። ግማሹ ይከራከራሉ፤ ግን ለምን እንደሚጎዳ በደንብ የሚያስረዳ አልተገኘም። እንዲህ ያለው ሳቅ ዓይነ ስውራን በሚስተናገዱበት ሁኔታ ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል ወይ? ካመጣ በየትኛው ትዕይንት፣ በምን መንገድ? ቀረጻው ገና ስለሆነ ለማስተካከል ጊዜ አለ። እህታችሁ።

ነጭ በትር፦

እህቴ፣ ከቀረጻ በፊት መጠየቅሽ ጥሩ አደረግሽ። በእንቅስቃሴ ሥልጠና በኩል ያለውን ልንገርሽ።

የጻፍሽው ዓይነ ስውር ሰው አይደለም፤ ዓይኑ አሁን የተሸፈነበት ዓይናማ ነው። ማንንም ሰው ዓይኑን በሻሽ ብታስሪው ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጁን ዘርግቶ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ያገኘውን ሁሉ እየገለበጠ ነው የሚሄደው። ሃያ ዓመት ሳያይ የኖረና የሠለጠነ ሰው ግን እንዲያ አይሄድም። ተመልካቹ ሁለቱን የሚለይበት ዕውቀት የለውም። የጀማሪውን መደናበር የዕድሜ ልክ ኑሮ አድርጎ ይወስደዋል፤ በማግስቱ ታክሲ ላይ ለሚያገኘው ሰውም በዚያው ልክ ይሰጠዋል።

በትሩን እንውሰድ። በትክክል የተያዘ በትር መያዣው እምብርት አካባቢ፣ ከሰውነት መሃል ፊት ለፊት ይሆናል። የሚንቀሳቀሰው የእጅ አንጓ ነው፤ ክንድ አይወናጨፍም። ጫፉ ከትከሻ ስፋት በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አልፎ መሬት ይነካል፤ ከመሬት የሚነሳውም ቢበዛ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ግራ እግር ሲራመድ ጫፉ በቀኝ ይነካል፣ ቀኝ እግር ሲራመድ በግራ። ስለዚህ ቀጣዩ እግር የሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ ቀድሞ ተፈትሿል። ሪቻርድ ሁቨር የሚባል አሜሪካዊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ያዘጋጀው ስልት ነው፤ ዛሬም የሥልጠናው መሠረት እርሱ ነው። በዚህ አያያዝ የሚመጣ ሰው የረከቦቱን እግር ነካ ያደርግና ይቆማል። ሰው ቤት ሲገባ ደግሞ በትሩን ወደ ራሱ አስጠግቶ ወይም አጥፎ ነው የሚይዘው።

እውነተኛው ችግር ያለው በትሩ በማይደርስበት በኩል ነው። ከወገብ በላይ ያለውን አይናገርም። የተከፈተ የጭነት መኪና ኋላ በር፣ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ታፔላ፣ ከግንባታ ወደ እግረኛ መንገድ የወጣ እንጨት፣ እነዚህ ግንባር ላይ ነው የሚያርፉት። ክዳኑ የተነሳ ጠባብ የቱቦ አፍ ደግሞ በግራ ንክኪና በቀኝ ንክኪ መካከል ሊያመልጥ ይችላል። እንዲያ ባለ መንገድ ላይ ጫፉን ሳያነሱ መሬት ለመሬት ማንሸራተት ነው የሚሻለው። ዓይነ ስውሩን የሚጥለው ቱቦውን ከፍቶ የሄደው ሰው ነው። ኮሜዲው ግን ጥፋቱን ከቱቦው ላይ አንስቶ ሰውየው ላይ ይጭነዋል፤ ከዚያ በኋላ "ለምን ብቻውን ወጣ?" ይባላል እንጂ "ክዳኑን ማን ወሰደው?" የሚል አይገኝም።

ውጤቱን በሁለት ነገር እናየዋለን። አንደኛው የመንገደኛው እጅ ነው። በትሩን ራሱን ይዞ የሚጎትት አለ፣ ከኋላ የሚገፋ አለ፣ ክንድ አፈፍ አድርጎ መሻገር ያልፈለገን ሰው የሚያሻግር አለ። በትሩን የያዘብሽ ሰው መንገዱን ነው የሸፈነብሽ። ትክክለኛው አመራር ቀላል ነው። መጀመሪያ ይጠየቃል፤ እሺ ካለ ክንድ ይሰጠዋል፤ እርሱ ከክርን ከፍ ብሎ ይይዝና በግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ይከተላል። ጠባብ ቦታ ሲደርስ መሪው የተያዘውን ክንድ ወደ ጀርባው ያዞረዋል፤ ያ "ከኋላዬ ሁን" ማለት ነው። ደረጃ ሲመጣ ቆም ብሎ "ወደ ላይ" ወይም "ወደ ታች" ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው በሥልጠና በኩል በጣም የሚጎዳን ነው። በጎልማሳነቱ ዓይኑ የደከመበት ሰው በትር አልይዝም ይላል። በትር ማለት ለእርሱ ስክሪን ላይ የሳቀበት ሰውዬ ነው። ቤተሰቡም "ሰው ምን ይላል" ብሎ ያግዘዋል። ሥልጠናው በዘገየ ቁጥር ሰውየው ቤት ይቀመጣል፣ ሥራውን ይለቃል፣ ወይ ያለ በትር ወጥቶ ይወድቃል።

ሥነ ልቦና፦

ከላይ የተባለውን በጥናት በኩል ልደግፈው። አሪየል ሲልቨርማን፣ ራሷ ዓይነ ስውር የሆነች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመችው ሥራ አለ። ዓይናማ ተሳታፊዎች ዓይናቸው ተሸፍኖ ጥቂት ነገር እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይነ ስውራን ሲጠየቁ፣ መሥራትም ሆነ ራሳቸውን ችለው መኖር ስለ መቻላቸው የነበራቸው ግምት ዓይናቸው ካልተሸፈነባቸው ሰዎች ዝቅ ብሎ ተገኘ። በችሎታቸው ላይ ያለው እምነት ቀንሷል። ተዋናዩን "ስሜቱ እንዲገባው" ብለሽ ዓይኑን አስረሽ ብታለማምጂው የምታገኚው ይህንኑ ነው።

"ሳቅ ሰውን ጨካኝ ያደርጋል ወይ?" ለሚለው፣ ቶማስ ፎርድና ማርክ ፈርግሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ማብራሪያ ይረዳል። አንድን ወገን ዝቅ የሚያደርግ ቀልድ ንቀት በሌለው ሰው ላይ አዲስ ንቀት አይተክልም ይላሉ። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ንቀቱ ያለበትን ግን በይሉኝታ ይዞት የነበረውን ሰው "ይህማ ይቻላል" ያሰኘዋል። ቀልድ "በቁም ነገር አትዩት" ብሎ ስለሚጀምር፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ነውር የነበረው ነገር ለጊዜው ነውር መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ አዘጋጆቹን "ተመልካቹ ይጠላል ወይ?" ብለሽ አትጠይቂያቸው። "ይህን አይቶ የወጣ ሰው ምን ማድረግ የተፈቀደለት ይመስለዋል?" በያቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1771 ፓሪስ ውስጥ በቅዱስ ኦቪድ የገበያ በዓል ላይ ዓይነ ስውራን የአህያ ጆሮ ያለበት ቆብና መስታወት የሌለው ትልቅ መነጽር ተደርጎላቸው፣ ኖታ ፊታቸው ተዘርግቶ፣ ሙዚቃ እንዲያንጫርሩ ተደርገው ነበር፤ ሕዝቡም ይስቅ ነበር። ቫለንቲን አዩዊ የተባለ ሰው ያንን አይቶ ተቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1785ም ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከፈተ። ሉዊ ብሬል በኋላ የተማረው እዚያ ነው። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ እነዚያ ሰዎች ሙዚቃ መማር የሚችሉ ነበሩ። ያስተማራቸው ስላልነበረ ነው የተሳቀባቸው፤ የተሳቀባቸውም ስለነበሩ ማስተማር ለማንም አልታየውም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ የሚስተር ማጉ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 የጀመረ፣ ዓይኑ ደክሞ ሳለ የማያምን የካርቱን ሽማግሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በሰው ተሠርቶ ሲመጣ የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ተቃወመው። አዘጋጆቹ ፊልሙ ሲያልቅ "ይህ የዓይነ ስውርነት ትክክለኛ መግለጫ አይደለም" የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ ለጠፉበት። ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ከሳቀ በኋላ በሦስት መስመር ጽሑፍ ያየውን አይሽረውም። አንቺም እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ መፍትሔ አድርገሽ እንዳታስቢው።

ኮሜዲ ወዳድ፦

ሁሉም የሚለው ገብቶኛል፤ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በገጠሬው ይሳቃል፣ በዶክተሩ ይሳቃል፣ በደላላው ይሳቃል። ዓይነ ስውሩ ብቻ አይነካ ካልን እርሱን ከጨዋታው ማስወጣትስ ሌላ ማግለል አይሆንም?

ሕግ ነክ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በዶክተር የሳቀ ተመልካች ነገ ክሊኒክ ሄዶ ሌላ ዶክተር ያያል፤ ቀልዱን የሚያስተካክልበት ብዙ ሰው በዙሪያው አለ። ከዓይነ ስውር ጋር ግን አብሮ ያልሠራ፣ አብሮ ያልተማረ፣ ቤትም አከራይቶት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ለእርሱ ስክሪኑ ላይ የታየው ሰውዬ ብቸኛው ማስረጃ ነው። ከዚያም ይህ ሰው የሠራተኛ አስተዳደር ሆኖ ማመልከቻ ይከፍታል፣ አከራይ ሆኖ በር ይከፍታል፣ የባንክ መስኮት ላይ ይቀመጣል።

የባለሱቁ ትዕይንት ላይ ልቆይ። በተግባር ዓይነ ስውራን ብርን በማጠፍ ይለያሉ፤ ለምሳሌ 50ውን በወርዱ፣ 100ውን በርዝመቱ፣ 200ውን ሁለት ጊዜ፤ 10ሩ ሳይታጠፍ ይቀራል። ዘዴው ከሰው ሰው ይለያያል። መልስ ሲቀበሉ "ስንት ስንት ነው?" ብለው እያንዳንዱን እያስነገሩ ያጥፋሉ። ክፍተቱ መልሱ በሚሰጥባት ቅጽበት ነው፤ እዚያ ላይ የሰጪው ታማኝነት ነው ያለው። አሁን በሞባይል ክፍያ ስልኩ መጠኑን ስለሚያነብ ያም እየጠበበ ነው። ባለሱቁ ሲያታልል ተመልካቹ የሚስቀው ከማን ጋር ሆኖ ነው? ከባለሱቁ ጋር ከሆነ ስርቆትን ቀልድ አድርገነዋል።

"ዓይነ ስውር ይታለላል" የሚለው ሐሳብ ባንክ ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሐሳቡ ከማጭበርበር ለመጠበቅ ነበር። በተግባር ግን አንዳንድ የባንክ ቅርንጫፎች ሕግ ተመርቆ የሚሠራን ሰው "ምስክር ይዘህ ና፣ በጣትህ ፈርም፣ ኤቲኤም ካርድ አንሰጥህም" ይሉታል። ጠባቂው ደንብና አታላዩ ባለሱቅ ሰውየውን የሚያዩት በአንድ ዓይን ነው።

ሕጉ በሌላ በኩል ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር አካል ጉዳተኛን የሚያገል አሠራርን፣ ልማድን፣ አመለካከትንም ጭምር ሕገ ወጥ ያደርጋል፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ሲከስ የማስረዳት ሸክሙ በእርሱ ላይ አይደለም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 8 የተዛቡ አመለካከቶችን መታገልንና መገናኛ ብዙኃን አካል ጉዳተኞችን ከስምምነቱ ዓላማ ጋር በሚሄድ መንገድ እንዲያቀርቡ ማበረታታትን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። ዩቲዩብ ላይ የሚወጣ 12 ደቂቃ ሥራ በዚህ አንቀጽ በቀጥታ ይከሰሳል ማለቴ አይደለም። አገሪቱ የፈረመችው ነገር ወዴት እንደሚያመለክት ግን ማወቅ ይገባል።

ዓይነ ስውሩ ከጨዋታው ይውጣ ያለ የለም። ይግባ፤ ይቀልድም፤ ይሳሳትም። ስህተቱ ግን የሰው ስህተት ይሁን። የተከራይነት ስህተት፣ የፍቅር ስህተት፣ የገንዘብ አያያዝ ስህተት። ባለማየቱ ብቻ የመጣ ስህተት ሲሆን ቀልዱ ስለ እርሱ መሆኑ ያበቃል።

ድምፅና ብርሃን፦

አራተኛውን ትዕይንት፣ "ለካ ያያል!" የሚለውን፣ እኔ ከሁሉም የከፋ እለዋለሁ። ማንም እስካሁን ስላልነካው ልናገር።

ዓይነ ስውር የሚባል ሰው ሁሉ ጨለማ ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዓይነ ስውርነት 1.6 በመቶ፣ የእይታ መዳከም ደግሞ 3.7 በመቶ ነበር። ማለትም በከፊል የሚያየው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ግላኮማ ጎን ጎኑን የበላበት ሰው ፊት ለፊቱ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ስልክ ሊያነብ ይችላል፤ ቱቦውን ግን አያይም፣ ስለዚህ በትር ይይዛል። መሃሉ የተጎዳበት ሰው በተቃራኒው ያለ በትር ይሄዳል፤ ፊትሽን ግን አይለይም፣ ጽሑፍም አያነብም። ምንም የማያየውም ቢሆን ስልክ ይጠቀማል። ቶክባክ የሚባለው የአንድሮይድ አንባቢ ሲበራ ጣት ያረፈበትን ይናገራል፤ ወደ ቀኝ መጥረግ ወደ ቀጣዩ ይወስዳል፤ ሁለት ጊዜ መንካት ይከፍታል። ኢስፒክ የተባለው ነጻ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ስለሚሰሙት ላልለመደ ጆሮ አይገባም።

ትዕይንትሽ የሚያስተምረው ግን በትር ይዞ ስልክ የሚያይ ሰው አታላይ መሆኑን ነው። ያ ትምህርት በማግስቱ ወደ ፈተና ይለወጣል። ፊት ላይ እጅ ማወዛወዝ፣ "ይህ ስንት ጣት ነው?" ማለት፣ "እስቲ እንየው" ብሎ በትር መደበቅ፣ ወንበር መሳብ። ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ከየት እንዳመጡት መገመት አይከብድም። ይህንን ትዕይንት አውጪው።

መጋረጃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አራተኛውን ትቼዋለሁ፤ እቅፉንም እንደዚያው። ባለሱቁን ልገለብጠው አስቤአለሁ። ግን ኮሜዲ መሆኑ እንዲቀር አልፈልግም። ሳቁ ከየት ይምጣ? ተዋናዩስ ምን ያድርግ?

ድምፅና ብርሃን፦

ሳቁ ከዙሪያው ሰው ይምጣ፤ እዚያ ሞልቶልሻል። ለዓይነ ስውር ሲናገር ጆሮው የማይሰማ ይመስል የሚጮህበት ዘመድ። ምግብ ቤት ገብተው ሰውየው እያለ ጓደኛውን "እሱ ምን ይበላል?" የሚል አስተናጋጅ። "እኔ ማን ነኝ? በድምፄ ለየኝ!" ብሎ እጁን አልለቅ የሚል የሩቅ ጎረቤት። "እዚያ ጋ ነው" ብሎ በጣቱ የሚያመለክት። አከራይዋ "መብራት ስለማያበራ ቆጣሪው ላይ ቅናሽ አለው" ብላ ከተከራዮቹ ጋር ስትከራከር፣ እርሱ ደግሞ ካውያው ስንት እንደሚቆጥር በቃሉ ሲያሰላላት። ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚሆን ነው፤ ተመልካቹም የሚስቀው በራሱ ላይ ስለሆነ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ነገር ይኖራል።

ባለሱቁን ስትገለብጪ ተጠንቀቂ። ዓይነ ስውሩን ብሩን አሽትቶ የሚያውቅ፣ በር ላይ ያለውን ሰው ከኮቴው የሚለይ ጠንቋይ አታድርጊው። ያም ሌላ ተረት ነው፤ ውጤቱም "እናንተ እኮ ስድስተኛ ስሜት አላችሁ" ተብሎ የሚያስፈልገውን እርዳታ መከልከል ይሆናል። ብሩን ያጥፍ፣ ይጠይቅ፣ ቀጥሎ የቆመችውን ልጅ "ይህ ስንት ነው?" ይበል፤ ባለሱቁ ይፈር። ይበቃል።

ስለ ተዋናዩ። መጀመሪያ ዓይነ ስውር ተዋናይ ፈልጊ። ካልተገኘ ዓይናማው ዓይኑን ወደ ላይ እንዳይገለብጥ፣ ጭንቅላቱንም እንዳያወዛውዝ። ወደሚያናግረው ሰው ድምፅ ፊቱን ያዙር፤ አብዛኛው ዓይነ ስውር እንዲያ ነው የሚያደርገው። ጥቁር መነጽር ግዴታ አይደለም፤ የሚያደርጉት ብርሃን ስለሚያስቸግራቸው፣ ከአቧራና ከቅርንጫፍ ለመጠበቅ ወይም ስለወደዱት ነው። የሰው ፊት መዳሰስ የሚባለውን እርሺው፤ እንደዚያ የሚያደርግ የለም ማለት ይቻላል።

ጽሑፉን ቢያንስ ለሁለት ዓይነ ስውር አንባቢዎች በዎርድ ፋይል ላኪ፤ ፎቶ አንስተሽ ከላክሽው ስክሪን አንባቢው በደንብ ላያነብላቸው ይችላል። ለሥራቸው ክፈያቸው። አንዱ ከእንቅስቃሴ ሥልጠና ጋር የሚተዋወቅ ይሁን። የተስተካከለውን ይዘሽ እንደገና ተመለሺ፤ የመጀመሪያው ንባብ ላይ ሰው በይሉኝታ ብዙ ያልፋል።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር፣ ሁሉም የሚረሳው፦ ትዕይንቱ በምስል ብቻ የሚያስቅ ከሆነ ዓይነ ስውር ተመልካችሽ አይስቅም። ሲኒው ሲቀመጥ ድምፁን ቅረጪው፤ አንዷ ገጸ ባሕርይ የሆነውን በንግግር ታንሳው። ስለ እርሱ የተሠራውን እርሱ መከታተል ይቻለው።

ኮሜዲ ወዳድ፦

የአስተናጋጁ ነገር በደንብ ገብቶኛል፤ ለጥያቄዬ መልስ አግኝቻለሁ። ሕግ ነክ፣ ስለ አዋጁ አመሰግናለሁ።

መጋረጃ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ለነጭ በትር። ተዋናዩ 1.75 ሜትር ነው። በትሩን ከፕሮፕ ክፍል የብረት ቱቦ ነጭ ቀለም ቀብተን ልንሠራው ነበር። ይሆናል?

ነጭ በትር፦

አይሆንም። የብረት ቱቦ ከባድ ስለሆነ አንጓውን ያደክመዋል፤ ሲደክመው ክንዱን ማወዛወዝ ይጀምራል፤ ያ ራሱ ያስወገድሽውን መወናጨፍ መልሶ ያመጣል። እውነተኛው ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበር ግላስ ነው የሚሠራው፤ የሚታጠፈው ብዙ ጊዜ ውስጡ ላስቲክ አለው። ቁመቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከደረቱ አጥንት ታችኛው ጫፍ እስከ ብብቱ ይድረስ፤ ለ1.75 ሜትር ሰው ከ1.25 እስከ 1.35 ሜትር ማለት ነው። ረዘም ያለ እርምጃ ካለው ረዘም ይበል። እስከ አገጭ የሚያደርሱትም አሉ፤ እነርሱ ቀለል ያለውንና የማይታጠፈውን ይመርጣሉ። ወገብ ድረስ የሚደርስ ምርኩዝ ግን አይሆንም፤ ማስጠንቀቂያውን የሚሰጠው እግሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

ጫፉ የሚቀየር ፕላስቲክ ነው። ቀጭኑ መሬቱን በደንብ ይነግራል ግን ኮብልስቶን መገጣጠሚያ ውስጥ ይሰካል፤ ድቡልቡሉና የሚሽከረከረው አይሰካም፣ ትንሽ ይከብዳል። ኮብልስቶን ሰፈር የምትቀርጹ ከሆነ ድቡልቡሉን ውሰዱ። ተዋናዩ ዓይኑን ሳይሸፍን ይለማመድ፤ መጀመሪያ ቆሞ አንጓውን ብቻ፣ ቀጥሎ በዝግታ እርምጃውን ከንክኪው ጋር እያገናኘ። ግራ እግርና ግራ ንክኪ አብረው ከሄዱ ተሳስቷል፤ ይቁምና እንደገና ይጀምር። በትሩን የዓይነ ስውራን ማኅበር ውስጥ ጠይቁ፤ ከቀረጻው በኋላ ደግሞ እዚያው ለሚያስፈልገው ሰው ስጡት።